ኮንትራቱ ባይታደስስ? ዋስትና በሌለው ሥራ ላይ ሆነው ጡረታን ለሚያቅዱ አንባቢዎች የተሰጠ ምላሽ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ዕድሜያቸው ሃምሳን ከተሻገረ፣ ነገር ግን ቋሚ ሥራ ከሌላቸው አንባቢዎች የተላኩ ናቸው። ሁሉም በአንድም በሌላም መንገድ የሚጠይቁት መቀጠሉ በማይታወቅ ሥራ ላይ ሆኖ ጡረታን እንዴት ማቀድ እንደሚቻል በመሆኑ፣ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተን አራቱን ደብዳቤዎች መርጠናል። ጠያቂዎቹ የሚኖሩበትን አገር ስላልገለጹና ሕጉም እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ከዚህም ከዚያም የምንጠቅሳቸው ድንጋጌዎች አሠራሩን ለማስረዳት የቀረቡ እንጂ በጠያቂው አገር ይሠራሉ ማለት አይደለም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ በንብረት ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራሁት በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ነው። ሥራዬ ከአጠገቤ ያሉት ቋሚ ሠራተኞች ከሚሠሩት በምንም አይለይም። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ፣ ጤና እስከሰጠኝ ድረስ፣ ቢሆንልኝ እስከ ሰባ ዓመቴ ለመሥራት አስቤአለሁ። ባለቤቴ ግን «ይሄ ምኞት እንጂ ዕቅድ አይባልም» ትለኛለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ በዚህ ክርክር የምንወግነው ከባለቤትዎ ጋር ነው። ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት በራሱ መጥፎ ሐሳብ ሆኖ አይደለም፤ አቅሙና ፍላጎቱ ላለው ሰው የጡረታ ገቢን ለማሳደግ ከዚህ የተሻለ መንገድ ብዙም አይገኝም። ችግሩ ቀኑን የሚቆርጡት እርስዎ አለመሆንዎ ነው። በብዙ አገሮች ቋሚ ሠራተኛን ለማሰናበት አሠሪው ምክንያት ማቅረብና አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ብዙ ጊዜም የሥራ ስንብት ክፍያ መክፈል ይኖርበታል፤ የእርስዎን ውል ለማቋረጥ ግን ጊዜው ሲያልቅ ዝም ማለት ብቻ ሊበቃው ይችላል። ሠራተኛን በዕድሜው ምክንያት ማግለል በአሜሪካ በ1967 በወጣ ሕግ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2000 በወጣ መመሪያ የተከለከለ ነው። ሆኖም ምክንያቱ ጨርሶ ያልተነገረን ውሳኔ «በዕድሜዬ የተነሣ ነው» ብሎ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ቋሚ ሥራ ያላቸው ሰዎች እንኳ የሚወጡበትን ጊዜ ሁልጊዜ አይመርጡትም። በአሜሪካ በየዓመቱ በሚደረግ የታወቀ የዳሰሳ ጥናት፣ ከጡረተኞቹ ግማሽ የሚጠጉት ከሥራ የወጡት ካሰቡት ቀድመው እንደነበር ለዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል፤ በዋናነት የሚያነሷቸው ምክንያቶችም የጤና መታወክና በመሥሪያ ቤታቸው የተደረገ ለውጥ ናቸው። ስለዚህ በኮንትራት ላይ ያለ ሰው «እስከ ሰባ ዓመቴ» ሲል፣ ከጤናው በተጨማሪ አሠሪው ፊርማውን አሥራ ሁለት ጊዜ እንደሚያኖርለት እየገመተ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአገልግሎት ዘመንዎ ነው። የጡረታ ሕጎች ሲረቀቁ አርቃቂዎቹ በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት በወጣትነቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰውን ነው። ጀርመን በ1889 ባወጣችው የእርጅና መድን ሕግ አበሉ የሚከፈለው 70 ዓመት ለሞላውና ለ30 ዓመት መዋጮ ለከፈለ ሰው ነበር፤ የዓለም ሥራ ድርጅት በ1952 ያጸደቀው 102ኛው ስምምነትም መዋጮን መሠረት ላደረገ የእርጅና አበል መለኪያ አድርጎ ያስቀመጠው ያንኑ 30 ዓመት ሲሆን፣ 15 ዓመት ለከፈለ ሰው ቢያንስ የተቀነሰ አበል እንዲሰጥ ይጠይቃል። በአሁኑ ጊዜ በብሪታንያ ሙሉውን የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት በአብዛኛው 35 የመዋጮ ዓመታት ያስፈልጋሉ። በአሜሪካ አበሉ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት በመሆኑ፣ 28 ዓመት ብቻ የሠራ ሰው ሰባቱ ዓመታት በዜሮ ይሞሉበታል። በአንድ ውል ማብቂያና በሚቀጥለው መጀመሪያ መካከል ያሉት ወራት በጊዜያቸው ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ሦስት ወር ያለ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ አምስት የመዋጮ ዓመት ያጣል። የእርስዎ ውል ሳይቋረጥ ሲታደስ ቆይቶ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ቢሆንም ድርጅቱ መዋጮውን በየወሩ ገቢ ማድረጉን ከጡረታ ተቋሙ መዝገብ ላይ እንጂ ከደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎ ላይ ብቻ እንዳያረጋግጡ አደራ እንላለን። ከደመወዝ ላይ ተቀንሶ ለተቋሙ ያልደረሰ መዋጮ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው አበል ሊያስወስን በሄደ ዕለት ነው፤ ያኔ አሠሪው ከስሮ ወይም ስሙን ለውጦ ሊሆን ይችላል።

ከዓመታቱ ቁጥር ሌላ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ የሚኖረው ክብደት አለ። በብዙ አገሮች አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ሕጉ የተጻፈው ደመወዝ ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ይሄዳል በሚል ግምት ነው፤ ዋስትና በሌለው ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ወደ መጨረሻው ባነሰ ክፍያ ይቀጠራል። በጃፓን ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው ከመደበኛ ሥራው ተሰናብቶ፣ በዚያው ድርጅት በየዓመቱ በሚታደስ ውልና በዝቅተኛ ደመወዝ እንደገና መቀጠሩ የተለመደ ነው። ሕጉ አሠሪዎች ፈቃደኛ የሆኑ ሠራተኞችን እስከ 65 ዓመት በሥራ እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ እስከ 70 ዓመት እንዲያቆዩ ጥረት የማድረግ ግዴታ ጨምሮባቸዋል። ሥራው ይቀጥላል፣ ደረጃውና ክፍያው ግን ይወርዳል። ይህ አሠራር አበሉ በመጨረሻው ደመወዝ በሚሰላበት አገር ቢሆን፣ ሠራተኛው ተጨማሪ ዓመት እየሠራ አበሉን ሊያሳንስ ይችል ነበር። ስለሆነም እርስዎም በአነስተኛ ደመወዝ አዲስ ውል ከመፈረምዎ በፊት በአገርዎ አበሉ ከየትኞቹ ዓመታት ደመወዝ እንደሚሰላ ማጣራት አለብዎት።

ታዲያ ምን ያድርጉ? አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን ይዘው ያስሉ። አንደኛው የሚመኙት የሰባ ዓመቱ ቀን ነው። ሁለተኛው የአሁኑ ኮንትራትዎ የሚያበቃበት ቀን ሲሆን ከባድ ሚዛን ሊሰጡት የሚገባውም ለእርሱ ነው። በዚያ ቀን ሥራው ቢያበቃ ስንት የመዋጮ ዓመት ይኖረኛል? አበሉን መቀበል የምጀምረው በስንት ዓመቴ ነው? እስከዚያስ በምን እኖራለሁ? የሚለውን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። በእኛ አስተያየት ዋስትና የሌለው ሠራተኛ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በዚህ በሥራ ማብቂያና በአበል መጀመሪያ መካከል ባለው ጊዜ ነው። በአሜሪካ በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ አበሉን የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ሲሆን፣ በ62 ዓመቱ ልቀበል ቢል በ30 ከመቶ የተቀነሰውን አበል እስከ ዕለተ ሞቱ ይቀበላል፤ እስከ 70 ከታገሠ ግን በእያንዳንዱ ዓመት 8 ከመቶ ይጨመርለታል። መታገሥ የሚችለው ደግሞ እስከዚያ የሚበላው ያለው ሰው ነው። በዚህም የተነሣ በዕድሜዎ ያለ ሰው ጥቂት ገንዘብ ካለው ረጅም ዓመት በሚታሰርበት ቦታ ከማስቀመጡ በፊት፣ ያለ ሥራ ለሚያሳልፋቸው ወራት የሚሆነውን በፈለገ ጊዜ ሊያወጣው በሚችልበት ሒሳብ ቢያኖር እንመርጣለን፤ የሚታጣው ወለድ አበልን ያለጊዜው ከመጀመር ከሚመጣው የዕድሜ ልክ ቅነሳ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

በመጨረሻም፣ ሥራው ዘላቂ ሆኖ ሳለ ውሉ በየዓመቱ መታደሱ ራሱ ሕጋዊ ላይሆን እንደሚችል አይርሱ። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ያወጣው መመሪያ አባል አገሮች ተከታታይ የጊዜ ገደብ ውሎችን በምክንያት፣ በጠቅላላ ርዝመት ወይም በቁጥር እንዲገድቡ ያዛል፤ በብሪታንያም በተከታታይ ውሎች አራት ዓመት የሠራ ሰው፣ አሠሪው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በስተቀር፣ እንደ ቋሚ ሠራተኛ ይቆጠራል። የአገርዎን ሕግ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሕግ ባለሙያ ይጠይቁ፤ መብቱ ካለ ጥያቄዎን በጽሑፍ፣ ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሳይሆን ታድሶ ባለበት ወቅት ቢያቀርቡት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ53 ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ለሦስት የተለያዩ አሠሪዎች በሳምንት ጥቂት ጥቂት ቀን በጽዳት ሥራ ተቀጥሬ እኖራለሁ። ሦስቱም «የአንቺ ሰዓት ትንሽ ስለሆነ የጡረታ ጉዳይ አይመለከተንም» ይሉኛል። ልጆቼን ለማሳደግ ብዙ ዓመት ከሥራ ርቄአለሁ። አሁን ማሰብ መጀመር ዋጋ አለው?

መልስ፦ እኅታችን፣ በእርግጥ ዋጋ አለው፤ የደረሰብዎት ነገርም የእርስዎ ጥፋት ሳይሆን ከሕጉ አወቃቀር የመጣ ነው። ብዙ አገሮች ከተወሰነ ገቢ ወይም ሰዓት በታች የሚሠራን ሰው ከመዋጮ ውጪ ያደርጋሉ፤ ልኩ የሚታየው ደግሞ በሰውዬው ጠቅላላ ገቢ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሥራ ነው። በብሪታንያ አሠሪው ሠራተኛውን በራሱ አነሣሽነት በጡረታ ዕቅድ ውስጥ የሚያስገባው ከዚያ አንድ ሥራ በዓመት ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሲሆን ነው። ስለዚህ በሦስት ቦታ እየሠራች ከእያንዳንዱ 7,000 የምታገኝ ሴት በድምሩ 21,000 ፓውንድ እያገኘች ማንም አያስመዘግባትም። በአንጻሩ በአንድ ቦታ 11,000 የሚያገኘው ሰው ይመዘገባል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ ያቺው ሴት ራሷ «መዝግቡኝ» ብላ ብትጠይቅ፣ 7,000 ፓውንድ ለዚህ ከተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በላይ ስለሆነ፣ አሠሪዎቹ ሊመዘግቧትና የየድርሻቸውን ሊከፍሉላት ይገደዳሉ። አውስትራሊያ ተመሳሳይ ገደብ ነበራት፤ በወር ከ450 ዶላር በታች ለሚከፈለው ሰው አሠሪው መዋጮ የመክፈል ግዴታ አልነበረበትም። ይህ ገደብ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ተነሥቷል። እንግዲህ «አይመለከተንም» የሚለውን ቃል እንደ መጨረሻ መልስ አይውሰዱት፤ «የትኛው ሕግ ነው የማይመለከታችሁ ያላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ የተባሉትንም ለጡረታ ተቋሙ ያቅርቡ።

ልጅ ያሳደጉባቸውን ዓመታት በተመለከተ፣ እንደ ሥራ ዘመን የሚቆጥሩ አገሮች አሉ። ጀርመን ከ1992 ወዲህ ለተወለደ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ዓመት ትይዛለች፤ በብሪታንያም ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጠው ድጎማ በስሟ የተመዘገበላት እናት የመዋጮ ዓመት ይያዝላታል። ይህ መብት ግን ሳይጠየቅ በራሱ ላይመጣ ስለሚችል የልጆችዎን የልደት ማስረጃ ይዘው መዝገብዎን ያስመርምሩ። ላለፉ ክፍት ዓመታት መዋጮ በፈቃደኝነት መክፈልን የሚፈቅዱ ሕጎችም አሉ፤ ለምሳሌ በብሪታንያ በአብዛኛው ያለፉትን ስድስት ዓመታት መሙላት ይቻላል። ገንዘብዎ ለሁሉም ካልበቃ፣ በመጀመሪያ የሚሞሉት አበል ለማግኘት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን የሚያጎድልዎትን ዓመት ይሁን፤ ዝቅተኛውን ያልደረሰ ሰው ወርኃዊ አበል ጨርሶ ላያገኝ ይችላልና።

ሌላው፣ ባለቤትዎ መዋጮ ይከፍሉ ከነበረ የተተኪ አበል መብት እንዳለዎት አጣርተዋል? በደብዳቤዎ አልጠቀሱትም። ይህ ጥያቄ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ከሁሉም አስቀድመው ያነሡት።

ለአሠሪዎችዎም ቢሆን የምንለው አለን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሴቶች የጡረታ ገቢ በአማካይ ከወንዶች ሩብ ያህል ያነሰ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ መካከል ሙሉ ቀን ባልሆነና በተቆራረጠ ሥራ ያሳለፉት ዘመን ይገኝበታል። ሦስት አሠሪ አንድን ሠራተኛ ተካፍሎ ማንም ኃላፊነቱን የማይወስድበት አሠራር ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ቁጠባ ነው፤ የሦስቱ ድምር ግን በአንዲት ሴት እርጅና ላይ ይወድቃል። ከሦስቱ አንዱ ሰዓት እንዲጨምርልዎት አድርገው ሌላውን መተው ከቻሉ፣ ጠቅላላ ገቢዎ ባይጨምርም ከገደቡ በላይ ሊያወጣዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። በስልክ መተግበሪያ አማካይነት መኪና እነዳለሁ። ድርጅቱ «አንተ የራስህ አለቃ ነህ፣ ጡረታህንም ራስህ አስብበት» ይላል። ዋጋ የሚተምነው፣ ደንበኛ የሚመድበው፣ ሲያሰኘውም የሚያግደኝ ግን እሱ ነው። መብት አለኝ?

መልስ፦ የራሱን ዋጋ የማይወስን አለቃ ብዙ አይገኝም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2006 ያወጣው 198ኛ ምክረ ሐሳብ የሥራ ግንኙነት መኖሩ የሚመዘነው ውሉ በሰጠው ስያሜ ሳይሆን በሥራው እውነታ እንደሆነ ይናገራል። ይህንኑ መርህ ፍርድ ቤቶች በየአገሩ የተጠቀሙበት ቢሆንም ውጤቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2021 የኡበር ነጂዎች ዝቅተኛ ክፍያና የዓመት ዕረፍት የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ሲል ወስኗል፤ ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ በዚያ አገር ላሉ ነጂዎች የጡረታ መዋጮ እንደሚጨምር አስታውቋል። በዚያው ዓመት ስፔን ምግብ አመላላሾች ተቀጣሪ እንደሆኑ የሚገምት ሕግ አወጣች። በካሊፎርኒያ ግን መራጮች በ2020 ባጸደቁት ሕግ ነጂዎቹ ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች ሆነው ቀርተዋል፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 ሕጉን አጽንቶታል። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው በ2024 ያወጣው መመሪያ አባል አገሮች እስከ ታኅሣሥ 2026 ድረስ የተቀጣሪነት ግምት የሚወሰድበትን ሥርዓት እንዲዘረጉ ያዛል። ስለዚህ መብቱ በአገርዎ ቢኖርም ባይኖርም ማስረጃ መያዝ ይጠቅምዎታል፦ የሠሩባቸውን ሰዓታት፣ የተቆረጠብዎትን ኮሚሽንና የታገዱባቸውን መልእክቶች ያስቀምጡ። መለያዎ ቢዘጋ ከመተግበሪያው ላይ መልሰው ላያገኟቸው ስለሚችሉ፣ ቅጂያቸው ሌላ ቦታ ይኑር።

ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ዕድሜዎ አይጠብቅም። በብዙ አገሮች በግሉ የሚሠራ ሰው በመንግሥት የጡረታ ሥርዓት ውስጥ መዋጮ ሊከፍል ይችላል፤ ክብደቱ የአሠሪውንም ድርሻ ራሱ መሸፈኑ ነው። በአሜሪካ ተቀጣሪው ለማኅበራዊ ዋስትና 6.2 ከመቶ ሲከፍል አሠሪው ሌላ 6.2 ከመቶ ይጨምርለታል፤ በግሉ የሚሠራው ሙሉውን 12.4 ከመቶ ይሸከማል። ይህን ሸክም ለማቅለል ሲሉ ብዙዎች ገቢያቸውን አሳንሰው ያስመዘግባሉ። ግብሩ ሲቀንስ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከሕግ ተጠያቂነቱ ባሻገር አበሉም የሚሰላው በዚያው ባነሰ ገቢ ነው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀሩት ሰው ይህን ስሌት እንደገና ቢያየው መልካም ነው። ደግሞም በሥራዎ ያገኙትን ሁሉ እንደ ገቢ አይቁጠሩት፤ የመኪናው ማርጀት፣ ነዳጁና ጥገናው ሲቀነስ የሚቀረው ነው ለጡረታ የሚተርፈው። የዓይን ምርመራ የሚያግድዎት ቀን ከድርጅቱ እገዳ ቀድሞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የመከርነው የሁለት ቀን ስሌት ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ 56 ዓመቴ ነው። በተለያዩ ፕሮጀክቶች ላይ ስሠራ በድምሩ የስምንት ዓመት መዋጮ አለኝ። አበል ለማግኘት አሥር ዓመት እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። ፕሮጀክቱ አሁን ስላለቀ መዋጮዬን ተመላሽ አድርጌ በአነስተኛ ንግድ ላይ ላውለው አስቤአለሁ። ይመክሩኛል?

መልስ፦ አንመክርዎትም፤ ቢያንስ አሁን አይደለም። ሁለት ዓመት የጎደለው ሰው መዋጮውን ቢያወጣ የሚያጣው የዕድሜ ልክ አበልን ነው፤ በእጁ የሚገባው ግን በብዙ አገሮች የራሱ መዋጮ ብቻ ሲሆን፣ የአሠሪው ድርሻ እዚያው ይቀራል። ሕግም ይለወጣል፤ ጃፓን ለአበል የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ዘመን በነሐሴ 2017 ከ25 ወደ 10 ዓመት ስታወርድ፣ የተጠቀሙት መዝገባቸው ያልተሰረዘባቸው ሰዎች ናቸው። በቺሊ በ2020 እና በ2021 ሠራተኞች ከግል የጡረታ ሒሳባቸው እያንዳንዱ ጊዜ 10 ከመቶ ያህል ሦስት ጊዜ እንዲያወጡ ሲፈቀድ፣ አነስተኛ ቁጠባ የነበራቸው ብዙ ሰዎች ሒሳባቸው ባዶ ቀርቷል። ገንዘቡ በችግር ጊዜ የወጣ በመሆኑ ማንንም አንወቅስም፤ እርስዎ ግን ያሰቡት ለንግድ ነው፤ ንግድ ደግሞ ሊከስር ይችላል።

የቅጥር ሥራ ባያገኙም በግልዎ ወይም በፈቃደኝነት መዋጮ በመክፈል ሁለቱን ዓመት መሙላት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ከፕሮጀክቶቹ አንዱን በሌላ አገር ሠርተው ከሆነ፣ ሁለቱ አገሮች የአገልግሎት ዘመንን የሚደምሩበት ስምምነት እንዳላቸው ይመልከቱ፤ ስምንቱ ዓመት በዚህ መንገድ አሥር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያለ መዋጮ የሠሩበት፣ ነገር ግን አሠሪው ሊከፍል ይገባው የነበረ ጊዜ ካለም የሥራ ልምድ ማስረጃውን ከየፕሮጀክቱ አሁኑኑ ያሰባስቡ፤ ፕሮጀክት ሲዘጋ ጽሕፈት ቤቱም ሰነዱም አብሮ ይበተናል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነና ሌላ አማራጭ ከሌለዎት ተመላሹን የመውሰድ መብትዎ የተጠበቀ ነው፤ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ግን ወደፊት ሥራ ቢያገኙ የወሰዱትን መልሰው በመክፈል ስምንቱን ዓመት ማስቀጠል ይፈቀድልዎ እንደሆነ፣ የሚፈቀድ ከሆነም በስንት ጊዜ ውስጥና ከምን ያህል ወለድ ጋር እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።